ተባረርኩ ወይስ ተቀነስኩ? ደብዳቤዬን አይታችሁ ንገሩኝ

ብርዱ ጠባሴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ። ስሙን የማልጠራው ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ክፍል 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አርብ ጠዋት እንደ ወትሮው በር ላይ ደረስኩ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ጥበቃው የማውቀው ሰው ነው፣ ቆሎ የምንካፈል። የዚያን ቀን ግን ዓይኑን አሸሸብኝ። «ባጅህን ስጠኝና ቢሮ ግባ» አለኝ።

ቢሮው በር ላይ ሰልፍ አለ። አንድ በአንድ እየገባን ፖስታ ተቀበልን። የኔ ደብዳቤ ይኸው፣ ቃል በቃል፦

«ድርጅቱ ባጋጠመው ሁኔታ ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ከሥራዎ የተሰናበቱ መሆኑን እንገልጻለን። እስካሁን ለሰጡን አገልግሎት እናመሰግናለን።»

ማኅተም አለው። ፊርማ አለው። ሌላ ምንም የለውም። ምሳ ዕቃዬን ከሎከር አውጥቼ ወጣሁ። ሽሮው ገና ትኩስ ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እናቴ ገና በር ሳልዘጋ «ምን አጠፋህ?» አለችኝ። ምንም አላጠፋሁም ብላት አላመነችኝም። እሑድ ዕድር ላይ «የእትዬ ልጅ ተባረረ» ተብሎ ተወርቷል። ለጥር ሽማግሌ ልልክ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ወሬው የልጅቷ አባት ጆሮ ገብቷል።

ዛሬ ሌላ ፋብሪካ ላመለክት ሄድኩ። ፎርሙ ላይ «ከቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ የለቀቁበት ምክንያት» ይላል። እስክሪብቶ ይዤ ቀረሁ። ምን ብዬ ልሙላው? ተባረርኩ ነው ወይስ ተቀነስኩ? ልዩነትስ አለው?

ቆሎ በኪስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ወንድሜ፣ ተባረርክም ተቀነስክም ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ነህ። በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ይሄ ራሱ ጥቅማጥቅም ነው።

ቀልዴን ነው። አይዞህ።

ወይዘሮ ፋይል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ቆሎ በኪስ፣ ቀልዱን ለነገ አቆየው። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ በብር የሚቆጠር ነው።

እኔ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፣ ከአንዳንዱ በኋላም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከሥሩ ልጀምር።

የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የድሮውን 377/1996 የተካው እሱ ነው። አዋጁ ላይ «መባረር» የሚል ቃል የለም። ሰው «ተባረረ» የሚለው ብዙ ጊዜ አንቀጽ 27ን ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የሥራ ውል ማቋረጥ። እዚያ የተዘረዘረው በሙሉ የሠራተኛው ጥፋት ነው። በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ፣ ያለ በቂ ምክንያት 5 ቀን የቀረ፣ ያጭበረበረ፣ የድርጅቱን ንብረት የወሰደ፣ ሥራ ቦታ ላይ የተደባደበ፣ ሆን ብሎ ዕቃ የሰበረ። ዝርዝሩ ይቀጥላል። ሁሉም «አንተ ይህን አድርገሃል» የሚሉ ናቸው።

«ተቀነሰ» የሚባለው ደግሞ አንቀጽ 28 እና 29 ነው። ምርት አልሸጥ ሲል፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ አዲስ ማሽን ሲገባ፣ ክፍሉ ሲዘጋ። እዚህ ውስጥ የሠራተኛው ጥፋት የለም። ማስጠንቀቂያ አለ፣ ክፍያ አለ፣ ማን ይቅደም የሚል ሥርዓትም አለ።

በመሐል አንድ ሌላ አለ። ሰውየው ሥራውን የመሥራት ችሎታው ሲያልቅበት በማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ያንተ እሱ አይመስለኝም።

አሁን ሦስት ነገር ንገረኝ። ስንት ሰው ወጣ? ከስንት? እና ደብዳቤውን ስትቀበል ሌላ ወረቀት ላይ ፈርመሃል?

ብርዱ ጠባሴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። ጠቅላላ 140 ገደማ ነን። በዚያ ቀን 34 ሰው ወጥቷል። ሥራ አስኪያጁ በቃል «ጥሬ ዕቃ የጫነው መኪና መንገድ ላይ እየቀረ፣ የገባውም ዋጋው እጥፍ እየሆነ አልቻልንም» ብሎናል። ደብዳቤው ላይ ግን ያ የለም።

ለመቀበሌ ብቻ መዝገብ ላይ ፈርሜአለሁ። ሌላ አንድ ወረቀት ሰኞ ኑና ፈርሙ ብለውናል። አልሄድኩም፣ ፎርም ልሞላ ነው የሄድኩት።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። ከኔ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ቀርተዋል።

ወይዘሮ ፋይል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

34 ከ140። ከ10 በመቶ በላይ ነው። ሕጉ «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚለው ይሄንን ነው። ከ20 እስከ 50 ሰው ያለው ድርጅት ቢሆን ደግሞ 5 ሰው ይበቃ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ አልተባረርክም። ተቀንሰሃል።

ስለ አዲሶቹ ልጆች ግን ቶሎ አትፍረድ። አንቀጽ 29 መጀመሪያ የሚያየው ችሎታንና ምርታማነትን ነው። እዚያ ላይ እኩል ከሆናችሁ ነው አገልግሎቱ ያጠረው ቀድሞ የሚወጣው፣ ቀጥሎ ጥገኛ ያነሰው። አካል ጉዳተኞች፣ ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮች፣ ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ናቸው። ይሄ ሁሉ የሚወሰነው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር ተመካክሮ ነው። ማኅበር አላችሁ? ጠርተዋቸዋል ወይ? እሱን አጣራ።

ደብዳቤው ግን ጎዶሎ ነው። «ባጋጠመው ሁኔታ» ምክንያት አይባልም። ሕጉ ምክንያቱና የሚጸናበት ቀን በጽሑፍ ይገለጽ ይላል። ማስጠንቀቂያውም የለም። በቅነሳ ጊዜ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ 2 ወር ነው። «ከዛሬ ጀምሮ» የሚል ደብዳቤ የአንቀጽ 27 ጠባይ አለው። ዕድርተኛው «ተባረረ» ቢል ከሜዳ አላመጣውም።

ስምንተኛው ቀን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እውነተኛ የተባረረ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ ነኝ።

ጫጫ ነው የምኖረው። ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነበር። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም፣ ታውቁታላችሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ግማሽ ሰዓት ያቆመናል። በዚህ ላይ እኔ ራሴ እንቅልፋም ነኝ፣ ልዋሽ አልችልም። ሦስተኛው ጊዜ ላይ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ፈርሜ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ሁለተኛውን ሰጡኝ። ስምንተኛው ጊዜ የመጣው በስድስት ወሩ ማለቂያ አካባቢ ነው። ደብዳቤው ላይ እያንዳንዱ ቀንና ደቂቃ ተጽፏል። 12 ደቂቃ፣ 25 ደቂቃ፣ 40 ደቂቃ። እያነበብኩ ሁሉንም ቀን አስታወስኩት። በአንደኛው ቀን ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት ነበር፣ በሌላው ግን ያው አልጋ ነው።

እከሳለሁ ብዬ ፎከርኩ። የሕግ ተማሪ የሆነ የአክስቴ ልጅ ደብዳቤዎቹን ሦስቱንም አነበባቸውና «ወንድምዬ፣ ተወው» አለኝ። የስንብት ክፍያ አላገኘሁም። የሠራሁበት ቀን ደመወዝና ያልወጣሁት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተከፈለኝ፣ አለቀ።

ለወደፊት የሚጠቅምህ ግን አንድ ነገር አለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይከለክሉህም። በነጻ መስጠት አለባቸው። እዚያ ላይ የሚጻፈው ምን ሥራ እንደሠራህ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራህና ደመወዝህ ነው። የኔ ላይ እንኳን «ተባረረ» የሚል የለም። ዛሬ እዚሁ ጫጫ ሥራ ይዣለሁ። ከቤቴ በእግር 5 ደቂቃ። አሁንም አንዳንዴ አረፍዳለሁ።

የአለም ከተማ መምህር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ትላንት ማታ ኔትወርክ አልነበረም፣ አሁን ነው ያነበብኩት።

የቋንቋ መምህር ስለሆንኩ ከሕጉ ይልቅ ቃሉ ነው የሳበኝ። በእኛ በኩል የሚባረር ነገር ይታወቃል። ዝንጀሮ ከማሳ ይባረራል። ዶሮ ከእህል ላይ ይባረራል። ማባረር ውስጥ ድንጋይና ጩኸት አለ። አንድ ሰው «ተባረረ» ሲባል ሰሚው ከኋላው የተወረወረውን ድንጋይ ነው የሚፈልገው። እናትህ «ምን አጠፋህ» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉ ራሱ ጥፋት ይዞ ይመጣል።

«ተሰናበተ» ደግሞ ሁሉንም የሚያለብስ ጋቢ ነው። ሌባም ይሰናበታል፣ ጡረተኛም ይሰናበታል፣ እንግዳም ቡና ጠጥቶ ይሰናበታል። ቢሮዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። «እናመሰግናለን» ብሎ ለመጨረስም ያመቻል።

«ተቀነሰ» የሒሳብ ቃል ነው። ከ140 ላይ 34 ሲቀነስ ለ34ቱ ማንም «ምን አጠፋችሁ» አይላቸውም። እኔ ብሆን ደብዳቤው ላይ ያ ቃል እንዲገባ እሟገት ነበር።

ቆሎ በኪስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

መምህር፣ እኔ በ2009 ከአንድ ሆቴል ስወጣ ሼፉ ጭልፋ ወርውሮብኛል። እሱ በየትኛው ይመደባል?

የአለም ከተማ መምህር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡09

በዝንጀሮው።

ቶሎ ጨርስ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ይሄ ሁሉ ክርክር ምን ይሠራል። ሂድና የሚሰጡህን ወረቀት ፈርም፣ የሚሰጡህን ብር ውሰድ። ፍርድ ቤት ለሀብታም ነው። ባጃጅ ግዛና ሥራ።

ወይዘሮ ፋይል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ባጃጅ በስንት ብር እንደሚገዛ የምታውቅ አይመስለኝም፣ ወንድሜ።

ብርዱ፣ ያ ወረቀት ምን እንደሚል ሳታነብ እንዳትፈርም። እኔ በሥራዬ ሁለት ዓይነት አውቃለሁ። አንዱ «ሒሳቤን ጨርሼ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ» የሚል ነው። አደገኛው ሁለተኛው ነው። አዋጁ አንቀጽ 25 ላይ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢስማማም ስምምነቱ ዋጋ የለውም ይላል። ነገር ግን ፈርመህ በኋላ ተገድጄ ነው እያልክ ከመከራከር አለመፈረም ይቀላል።

የብሩን ልዩነት ላሳይህ። ደመወዝህ ስንት ነው?

ብርዱ ጠባሴ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

7,200።

ወይዘሮ ፋይል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

እሺ። አንዳንዱ በ26 ያካፍላል፣ ለስሌት እንዲቀል እኔ በ30 ላካፍለው። በቀን 240 ብር።

የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ 7,200። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ 2,400። አምስት ዓመት ስለሚቀርህ 12,000። ድምሩ 19,200 ብር። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው፣ አንተ ገና አልደረስክበትም።

በቅነሳ ከሆነ ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። 14,400። አሁን 33,600 ሆነ። የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡህ ካስወጡህ የእሱ ደግሞ 14,400። ጠቅላላ 48,000። ያልተጠቀምክበት የዓመት ፈቃድ ለብቻው ነው። ግብር ይቆረጥበታል፣ እሱን እንዳትረሳ።

«በራሴ ፈቃድ» ብለህ ብትፈርም 5 ዓመት ስላለፈህ 19,200ዋ ትኖራለች። የ60 ቀኑም ማስጠንቀቂያውም ግን ይቀራል። አንድ ፊርማ 28,800 ብር ማለት ነው።

በአንቀጽ 27 በትክክል የተባረርክ ብትሆን ኖሮ እነዚህ ሁሉ ዜሮ ነበሩ። ስምንተኛው ቀን ነግሮሃል።

ፍርድ ቤት ስንብቱ ሕገወጥ ነው ካለ ደግሞ ወይ ወደ ሥራ ያስመልስሃል፣ ወይ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ ያስከፍልልሃል። ያ በአንተ ስሌት 43,200 ነው። ከ19,200ውና ከማስጠንቀቂያው ጋር 76,800። ይህን የጻፍኩት ክሰስ ለማለት አይደለም። ድርጅቱም ይህን ስሌት ስለሚያውቅ ነው።

ከሸዋ ሮቢት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወይዘሮ ፋይል ያሉት እውነት ነው። ግን «ተቀንሰሃል» ሲባል ሁሉም ጥሩ አይምሰላችሁ። እኔን የቀነሱኝ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው።

የሠራሁበትን ቤት ስም አልጠራም። ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አንድ ቀን ኃላፊው ጠርቶ «ሥራ ቀዝቅዟል፣ ሰው ቀንሰናል» አለኝ። ስንት ሰው ብዬ ጠየቅኩ። እኔን ብቻ። ደብዳቤው ላይ ግን «በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት» የሚል አሳምረው ጽፈዋል። አንድ ሰው ቅነሳ ይባላል እንዴ?

በሦስተኛው ሳምንት በዚያ ሙቀት ሆዴን ይዤ ገበያ ስሄድ የስልክ እንጨት ላይ ማስታወቂያ አየሁ። «ገንዘብ ያዥ፣ ጾታ ሴት፣ ልምድ ያላት»። ስልክ ቁጥሩ የቤቱ ነው። ፎቶ አነሳሁት። ያ ፎቶ ነው ያዳነኝ።

ነፍሰ ጡር ሴትን፣ ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ እንዲሁ ማሰናበት ሕጉ ይከለክላል። ወረዳ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የዳኝነት አልከፈልኩም፣ የሠራተኛ ክስ ነጻ ነው። የከፈልኩት በር ላይ ላለው ማመልከቻ ጸሐፊ 300 ብር ብቻ ነው። ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም የአሠሪው ነው አሉኝ። እነሱ «ሥራ ቀዝቅዟል» ሲሉ እኔ ፎቶዬን አወጣሁ። ዳኛዋ አየችው፣ ቀና ብላ ኃላፊውን አየችው፣ መልሳ ፎቶውን አየችው።

ወደ ሥራ ልመለስ እችል ነበር። አልፈለግሁም። ካሳውን ወሰድኩ።

ብርዱ፣ ቀኑን ቁጠር። ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት 3 ወር ብቻ ነው ያለህ። ለክፍያ 6 ወር። «ነገ እንጠራሃለን» እያሉ ቀን የሚገፉት ለዚህ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬን እንዲህ አድርገው ቀኑን አሳልፈውባታል።

ባለ ዳቦ ቤት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

አሠሪም አንብቦ ዝም ቢል ነውር ነው።

ደብረ ሲና ላይ ዳቦ ቤት አለኝ። 9 ሠራተኛ ነበረኝ። ዱቄት ሲወደድ፣ መብራት ሲጠፋ፣ እንጨት ሲወደድ ከርሜ ከርሜ ሁለቱን ማሰናበት ግድ ሆነብኝ። የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ። ሒሳብ ባለሙያ ጠርቼ የሚገባቸውን ከፈልኩ። ጨረስኩ ብዬ ነበር።

በሳምንቱ የአንደኛው ልጅ አባት ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከተራራው ላይ በእግር ወርደው ነው የመጡት። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ልጄ ምን ሰረቀ?» አሉኝ። ምንም አልሰረቀም አልኳቸው። «ታዲያ ለምን ተባረረ?» ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን አልገባቸውም። «ወረቀቱ ያልከውን ይበል። ሰፈሩ ግን ሌባ ብሎታል» አሉ።

እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ዳቦ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ሌላ ምን ልያዝ። ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ተነሥቼ «ልጁ ንጹሕ ነው፣ ሥራ ስለጠፋ ነው» አልኩ። አንዷ ሴትዮ «እኛስ መች ሌባ አልን» አለች። የልጁ እናት እሷን እንዴት እንዳየቻት ብነግራችሁ።

ሕጉ ይህን አድርግ አይልም። የብርዱ አለቃም ዕድሩ ላይ ቆሞ ቢናገር ምን አለበት?

ቆሎ በኪስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡28

ጋሼ፣ 34 ቤት ቡና ሲጠጣ ሥራ አስኪያጁ በደም ግፊት ይወድቃል።

ገና አንድ ዓመቴ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ የ3 ወር ኮንትራት ነኝ። ሲያልቅ አላደስንም አሉኝ። ተባረርኩ ወይስ ተቀነስኩ?

ወይዘሮ ፋይል | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሁለቱም አይደለም። ውልህ አለቀ። ግን ሥራው ራሱ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ከሆነና ውሉን በየሦስት ወሩ እያደሱ ከቆዩ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ለብቻው ክር ክፈትና እንነጋገር። መንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁም በውስጥ እየጻፋችሁልኝ ነው። ይሄ አዋጅ የእናንተ አይደለም፣ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው።

የሐዋሳ ዘመድ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡45

ትውልዴ መንዝ ነው፣ እህቴ ግን ሐዋሳ ልብስ ስፌት ትሠራ ነበር። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድሉ፣ ስታስወጣ፣ ታኅሣሥ 2014 ማለት ነው፣ ትዕዛዝ ቀረ፣ እሷም ቀረች። እሷ ላይ ማንም «ምን አጠፋሽ» አላለም። በሬዲዮ ስለተወራ ነው። አገር የሰማው ቅነሳ አያሳፍርም። የብርዱ ፋብሪካ በሬዲዮ አልተነገረም፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ወይዘሮ ፋይል | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

ልክ ነህ። በ2012 በኮሮና ጊዜማ የአስቸኳይ ጊዜ ደንቡ ሠራተኛ መቀነስን ከልክሎ ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው ምክንያቱን ያውቀው ነበር።

ብርዱ ጠባሴ | ከ12 ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡00

ዝም ስላልኩ ይቅርታ።

ረቡዕ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ወረቀቱን አሳዩኝ። ወይዘሮ ፋይል እንዳሉት ነው፦ «በራሴ ፈቃድ»። ከ34ቱ 19ኙ ፈርመዋል። አልፈርምም አልኩ። የቢሮው ልጅ «እንግዲህ ብሩ ይዘገይብሃል» አለኝ። ይዘግይ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ መምህር ያሉትን አደረግሁ። በእጄ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ከሥራ የወጣሁበት ምክንያት በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍልኝ» የሚል። ሁለት ቅጂ። አንዱ ላይ ገቢ ማኅተም አስመታሁ። ያልፈረምነው 15 ሰዎች በሙሉ እንዲሁ አደረግን። አንዷ ሴት ሦስት ልጅ አላት፣ ማመልከቻዋን እኔ ጻፍኩላት።

ሰኞ ጠሩን። አዲስ ደብዳቤ ነው። «በጥሬ ዕቃ እጥረት ምክንያት በተደረገ የሠራተኛ ቅነሳ» ይላል። ከሰኞ ጀምሮ ይላል፣ እስከዚያ ያለው ቀን ደመወዝ ይታሰባል። የ2 ወር ማስጠንቀቂያው በገንዘብ ይከፈላል ይላል። የሥራ ልምዱንም ሰጡኝ። ጥበቃው ስወጣ ከኪሱ ቆሎ ዘገነልኝ።

የፈረሙት 19ኙ አሁን ተናደዋል። ወይዘሮ ፋይል፣ ስለ አንቀጽ 25 ያሉትን ለእነሱ ነግሬአለሁ። ሦስቱ ወረዳ ፍርድ ቤት ሊሄዱ ነው።

እናቴ ማንበብ አትችልም። የጎረቤት ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ነች፣ ቡና ላይ ጮክ ብላ አነበበችላት። «ቅነሳ» የሚለው ላይ ሲደርስ እናቴ «እስቲ ድገሚው» አለቻት። ደገመችው። ከዚያ ደብዳቤውን ተቀብላ ዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠችው። ለፎርም ፎቶ ኮፒ ላድርገው ስላት በግድ ነው የሰጠችኝ፣ ቆማ ጠብቃም መልሳ ተቀበለችኝ።

የልጅቷ አባት ዘንድ ሽማግሌዎቹ ገና አልሄዱም። የጥምቀት ማግስት ተብሏል።

ቆሎ በኪስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡12

እሰይ! ብሩስ ገባ?

ብርዱ ጠባሴ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡14

ሕጉ 7 የሥራ ቀን ይላል። ዛሬ አምስተኛው ነው።